ከጣርማ በር በታች

ሸዋ ሮቢት የደረስነው 11 ሰዓት አልፎ ነው። ጠዋት ከኮምቦልቻ እንነሳለን ያልነው ጉዞ ማኅተም የሚመታው ሰው ጠፍቶ ከሰዓት በኋላ ሆነ፤ ለመሥሪያ ቤት ሥራ ክፍለ ሀገር የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። የቆላውን ላብ እየጠረግን በያይነቱ በላንና ቡናው እስኪፈላ መንገድ ዳር ወጥቼ ቆምኩ።

ሮቢት የሽንኩርት አገር ነው። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ቀይ ሽንኩርት የሞላ ከረጢት ተቆልሎ አይሱዙ ይጠብቃል። ጫኞቹ ይሮጣሉ፣ ሹፌሮቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ምን እንደሚያስቸኩላቸው አንዱን ደላላ ጠየቅኩት። «እህቴ፣ ሳይነጋ ፒያሳ አትክልት ተራ ያልገባ ሽንኩርት ሽንኩርት አይባልም» አለኝ። ገዢው በጨለማ ይመጣል፣ ዋጋው በጨለማ ይቆረጣል፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የደረሰ የቀረውን ይለቅማል። ስለዚህ ከዚህ የሚነሳ አይሱዙ ሌሊቱን ሙሉ የሚሽቀዳደመው ከዋጋ ጋር ነው።

ሾፌራችንን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። በደርግ ጊዜ ኤንትሬ ይዘው አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ፣ ይህን መንገድ ኩርባ በኩርባ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከሮቢት እስከ ጣርማ በር ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በዚያች ርቀት ውስጥ ግን ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሲወጡት ጆሮ ይደፍናል፣ ሲወርዱት ፍሬን ይግላል። ጫፉ ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ አለ፤ ከዋሻው ወዲያ ደጋው፣ ከዋሻው ወዲህ ገደሉ።

አርማንያን አልፈን ደብረ ሲና ስንገባ ጨልሟል። ቆሎ ሻጮቹ ግን አሁንም መንገዱ ላይ ናቸው። አንዷ ልጅ ነጠላዋን ተከናንባ በመስኮት በኩል እፍኝ ቆሎ ዘረጋችልኝ። «ይቅመሱት እትዬ፣ ትኩስ ነው።» እየሰፈረችልኝ ሳለ ሳልጠይቃት፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ «ከላይ የሚወርድ መኪና ከቀረ ቆየ እኮ» አለች። ጋሼ ሰሟት። ሞተሩን አጥፍተው አንገታቸውን በመስኮት አወጡና ወደ ዳገቱ አዳመጡ። ከዚያ መልሰው አስነሱት። ለምን እንዳዳመጡ የገባኝ ኋላ ነው። በዚህ ሰዓት ሌላ ቀን ቢሆን ከተራራው የተሳቢ ሞተር ሲያጉረመርም ይሰማል፤ ቆሎ ሻጭ ከማንም በፊት መንገድ መዘጋቱን የምታውቀው ገበያዋ ስለሚቀዘቅዝ ነው።

ከከተማው ወጣ እንዳልን ጉሙ ወረደብን። ጋሼ መስኮቱን ከፍተው፣ አጭሩን መብራት ብቻ አብርተው፣ በሁለተኛ ማርሽ ይሄዳሉ። ረጅሙን ካበሩት ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይን ላይ ይደፋዋል። በመጀመሪያ የደረሰን ሽታው ነው። ጋሼ አየሩን ሳብ ሳብ አድርገው «ሸራ ነው» አሉ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከጎማ ይለያል፤ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጥቂት ቆይቶ ናፍጣ መጣ። ቀጥሎ፣ ጉድ ነው፣ ሽንኩርት፤ ደግሶ የሚያድር ቤት አጠገብ የደረስን ይመስል።

መብራታችን አስፋልቱ ላይ የተጋደመ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ድንጋዮች። ከዚያ በኋላ አንድ ባለጋቢ ሰው እጁን እያወናጨፈ መጣብን፣ «ቁሙ! በእመቤቴ ቁሙ!»

የሆነውን የተረዳሁት ቀስ በቀስ ከዚህም ከዚያም ሰምቼ ነው። እዚህ ግን በቅደም ተከተሉ ልጻፈው። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ዳገቱን ሲወጣ ኩርባው ላይ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ዳር ይዞ የሚቆምበት ቦታ የለም፤ ዳሩ ገደል ነው። እዚያው መንገዱ ላይ ቆሞ፣ ረዳቱ ከኋላ ድንጋይና ቅጠል ደርድሮ፣ ክሪክ አስገብተው ጎማ መቀየር ጀመሩ። የኋላ መብራቱ ድሮም አይሠራም ነበር። ከኋላው አንድ ዶልፊን ሰው ጭኖ መጣ። ድንጋዮቹን ጉሙ ውስጥ ያያቸው ዘግይቶ ነው፤ ወደ ግራ ጠመዘዘ። በዚያች ቅጽበት ከላይ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ እየወረደ ነበር፤ ፍሬኑ ገና ከዋሻው አፍ ጀምሮ ጭስ ይተፋ ነበር አሉ።

እኛ ስንደርስ አይሱዙው እንዳለ ቆሟል፣ ክሪኩ ከሥሩ፣ ከረጢቶቹ ግማሾቹ ተቀድደው። ዶልፊኑ ከተራራው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የፊቱ ግማሽ የለም። ተሳቢው አለፍ ብሎ መንገዱን አግድሞ ተኝቷል። ሲሚንቶው ፈንድቶ በካፊያው እየራሰ አስፋልቱን ግራጫ ሊጥ አልብሶታል፤ የሰዎቹም እጅ፣ የሰዎቹም ፊት እንደዚያው። በባትሪ መብራት የቆሰለውና ያልቆሰለው አይለይም።

አገሬው ከሁሉ ቀድሞ ደርሷል። ከዚያ ጥግ ላይ መንደር መኖሩን ቀን ባልፍበት እንኳ አላስተዋልኩም ነበር። የሞቱት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ከዶልፊኑ ፊት ወንበር፣ አንዱ የተሳቢው ረዳት፣ ዘሎ ሊያመልጥ ሲል። ዳር ላይ ጎን ለጎን አስተኝተው ጋቢ አልብሰዋቸዋል። አንዲት እናት የሦስተኛውን እግር ጋቢው ስላልደረሰለት የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው ሸፈኑትና በካፊያው ውስጥ በቀሚስ ቆሙ። ማንነቱን አያውቁም። ቢሆንም «ልጄን፣ ልጄን» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ።

ልጆች ቁልቁል የሚንከባለለውን ሽንኩርት በመብራት እያሳደዱ ይለቅሙ ነበር። ዘረፋ መሰለኝ። ከራስጌያቸው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ግን በዱላቸው ከረጢቱን እያሳዩ፣ «እዚህ ውስጥ! አንዲት ፍሬ ኪሱ የገባች ልጅ ወየውለት!» ይላሉ። ሬሳ ባለበት ቦታ ንብረት የነካ ሰው በዚያ አገር ምን እንደሚባል ልጆቹ አሳምረው ያውቃሉ። የአይሱዙው ሹፌር ጎማው ላይ ተቀምጦ ሽንኩርቱ ሲሰበሰብ ያያል፤ የሚያየው ግን አይመስልም።

አብሮን ጤና መኮንን የሆነ ባልደረባችን ነበር። መኪናው ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ሲጮህ ሰማሁት። «አትጎትቱት! ዝም ብላችሁ አትጎትቱት!» በዶልፊኑ የኋላ በር ያወጡት አንድ ወጣት መሬት ላይ ነው፤ ሁለት ሰዎች ብብቱን፣ አንዱ እግሩን ይዘው እንደ ጆንያ ሊያነሱት ነበር። ሰዎቹ ክፉ አላሰቡም፤ ቶሎ ማንሳት ማዳን ነው ብለው ነው። የአንገት አጥንቱ የተሰነጠቀ ሰው ግን ሲነሳ አንገቱ ወደ ኋላ ከወደቀ፣ አደጋው ያልበጠሰበትን ነርቭ ያነሱት ሰዎች ይበጥሱበታል። ባልደረባችን ተንበርክኮ የልጁን ጭንቅላት በሁለት እጁ እንደያዘ፣ «ቃሬዛ የለም?» አለ።

አለ። ሁለት ጎረምሶች ጨለማው ውስጥ ገብተው ጠፉና ቃሬዛ ተሸክመው ተመለሱ፤ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና፣ መሀሉ በናይሎን ገመድ የተጠለፈ፣ በላዩ ጆንያ የተሰፋ። የመንደሩ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ከገደሉ ሥር ወደ አስፋልቱ የምትወጣው በእሱ ነው፤ አንዱ አጣና ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ከትከሻ ላብ ጠቁሯል። «በሦስት ስል እኩል ታነሳላችሁ» አለ ባልደረባችን፣ እኩል አነሱት። ወታደር እንደዚያ አያነሳም።

ስልክ ተደውሏል። የወረዳው አምቡላንስ ግን ለእናቶች ታስቦ እንደተሰጡት እንደ ብዙዎቹ ሁሉ የወላድ ሥራ ላይ ነው፤ አንዲት ሴት ደብረ ብርሃን አድርሶ ሲመለስ ተሳቢው ከዘጋው መንገድ ወዲያ ማዶ ደርሶ ቆሟል። ሰዎች በተሳቢው ሆድ ሥር እየሾለኩ ሁለት ቁስለኞችን ወደዚያ አሳለፉ። ለወዲህኞቹ የቀረው የእኛ ፒካፕ ነው።

ጋሼ ፒካፑን ሲያዞሩ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ፊታቸው ግን ልክ አልነበረም። በኋላ እንደነገሩን፣ ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተገጨ እረኛ አንስተው ሐኪም ቤት ሲያደርሱ «የገጨኸው አንተ ነህ» ተብለው፣ ምስክር እስኪገኝ ጣቢያ አድረዋል። ይህን የሰማ ሹፌር ብዙ ነው፤ ቁስለኛ አይቶ መስኮቱን ዘግቶ የሚያልፈው ሁሉ ጨካኝ ነው ማለት አልችልም። ሽማግሌው ይህን ሳይነገራቸው ያወቁ ይመስላሉ። «አንተ ሂድ፣ አንተም ውጣ» ብለው ሁለት የመንደሩን ሰዎች ለምስክርነት ፒካፑ ላይ አሳፈሩልን።

እኔ ከኋላ፣ ቃሬዛው ራስጌ ተንበርክኬ የልጁን ጭንቅላት እንድይዝ ተነገረኝ። «ክርንሽን ጭንሽ ላይ አስደግፊ፣ ጆሮውን አትሸፍኚበት፣ ቢያናግርሽም አንገቱን እንዳያዞር» አለኝ ባልደረባዬ። ፀጉሩ ውስጥ ሲሚንቶ አለ፤ ጣቶቼ መሀል እየጠጠረ ሲሄድ ይታወቀኛል። ልጁ ነቃ ብሎ «ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። «3 ሰዓት» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ «ስንት ሰዓት ነው?» አለ፣ በዚያው ድምፅ። «3 ሰዓት።» ደብረ ሲና እስክንገባ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፣ እኔም ሌላ ሰዓት አልነገርኩትም። ባልደረባዬ ከጎኔ የሌላዋን ቁስለኛ ጭን በነጠላ አስሮ እየተጫነ፣ «ይጠይቅ፣ መልሺለት፤ ዝም ካለ ንገሪኝ» ይለኛል።

ጋሼ ያንን ቁልቁለት የወረዱት በወጡበት ማርሽ ነው። የድሮ ሹፌሮች ሕግ ነው፣ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፣ ፍሬን ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ነዳጅ ለመቆጠብ ወይም ሰዓት ለመግዛት ማርሹን ፎሌ አድርጎ የሚለቀው ግን ያን ሁሉ ክብደት ፍሬን ላይ ብቻ ይጥለዋል። ሸራው ይግላል፣ ይጨሳል፣ ከዚያ ቢረግጡት አይዝም። ሹፌሮች «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላሉ። ፍሬኑ ግን እምቢ ያለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዋሻው ጀምሮ በጭሱ ሲናገር ነበር።

የደብረ ሲናው ሆስፒታል ተቀበለን። አንድ ነገር ልብ አልኩ። የቆሰለችው ሴት ራሷን ስታውቅ መጀመሪያ ያለችው «ብር የለኝም» ነው። ባልደረባችን ጎንበስ ብሎ ነገራት። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥር 799፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ ማንም ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ያን ጊዜ ያዝዝ ነበር፤ ገጪው ቢጠፋም ባይጠፋም። ያመነችው አልመሰለኝም። እዚያው አዋጅ ላይ ሌላም ቁጥር ነበር፣ እሱን አልነገራትም። ለሞተ ሰው የሚከፈለው ካሳ ጣሪያው ያኔ 40,000 ብር ነበር፣ ለወደመ ንብረት ደግሞ 100,000 ብር። ሕግ አርቃቂው የራሱ ስሌት ይኖረዋል፤ ዳር ላይ የተኙትን ሦስቱን ሰዎች አይቼ ስመጣ ግን ያ ስሌት አልዋጥልሽ አለኝ።

አልጋ ይዘን ማንም አልተኛም። የሆቴሉ በረንዳ ላይ ጋሼ ሻይ አዝዘው ስለ አበበ ቢቂላ አነሱ። በ1952 ሮም፣ በ1957 ቶኪዮ ማራቶን አሸንፎ ንጉሡ የሸለሙት ቮልስዋገን፣ በዚሁ የሰሜን መንገድ ሸኖ አካባቢ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ ተገለበጠች። አበበ እስኪነጋ ድረስ መኪናው ውስጥ ተይዞ አደረ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ድረስ ተወስዶ ታከመ፣ እግሩ ግን አልተመለሰም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ከመወዳደር አልቦዘነም፣ በጥቅምት 1966 በ41 ዓመቱ ዐረፈ። «ያን ሌሊት» አሉ ጋሼ «የዛሬዎቹ ዓይነት ሰዎች ደርሰውለት ቢሆን።» ከዚያ ራሳቸው መለሱት። «ደርሰው እንደ ጆንያ አንስተውት ቢሆንስ?» ሻዩን ሳይጨርሱት ተነሱ።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ተነስቷል። ቦታውን በቀን ሳየው ኩርባው ከጠበቅኩት ያነሰ ነው፤ ይህ ለምን እንዳናደደኝ አላውቅም። ሲሚንቶው አስፋልቱ ላይ ደርቆ የሌሊቱን እግር ሁሉ ይዞ ቀርቷል፤ ጫማ፣ ባዶ እግር፣ የቃሬዛው ተሸካሚዎች እኩል እኩል እርምጃ። ሬሳዎቹ ተነስተዋል። ትራፊክ ፖሊሱ በሜትር እየለካ ፕላን ያነሳል፣ አንዱ የመንደር ልጅ የሜትሩን ጫፍ ይዞለታል። ከገደሉ አፋፍ እስከ አይሱዙው ጎማ፣ ከጎማው እስከ ዶልፊኑ፣ ከዶልፊኑ እስከ ተሳቢው። ሥራውን የሚያውቅ፣ ልከኛ ሰው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛ ዓይኑ ያስታውቃል።

ቃሌን ሲቀበለኝ ቅጹን አየሁት። «የአደጋው ምክንያት» የሚለው መስመር አንድ ነው፣ አጭር ነው። የሚሞላውም አገር ያወቀው ነው፤ የአሽከርካሪ ጥፋት። ከተረፉት አሽከርካሪዎች አንዱ ይያዛል፣ ይከሰሳል፣ መዝገቡ ይዘጋል። በዚያ መስመር ላይ የሽንኩርት ዋጋ የት ይጻፋል? የማይሠራ የኋላ መብራትስ? ሰፋ ብሎ የሚቆሙበት ዳር የሌለው ኩርባ፣ ባለ አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ገበያ ላይ እያለ በድንጋይ የሚተካ ረዳት፣ ቶሎ ካልተመለስክ የሚል ባለንብረት? የተሳቢው ሹፌር ጥፋት የለበትም አላልኩም፤ ጭስ እያየ ያልቆመ ሰው ጥፋተኛ ነው። ግን እሱ ቢታሰር ነገ ማታ ያው ሽንኩርት በዚያው ሰዓት ይጫናል።

ቁጥሩም እንደዚያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ መዝገብ የያዘው የመንገድ ሟች 4,300 ገደማ ሲሆን የድርጅቱ ግምት ግን ከ27,000 በላይ ነው። ሰዓት ሲጠይቀኝ የነበረው ልጅ ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ተጽፎለት ሄደ፤ በሳምንቱ ባልደረባዬ ደውሎ ማረፉን ነገረኝ። ፕላኑ ላይ የሟች ቁጥር ሦስት ነው። አንድ ሰው ወረቀቱን ከወረቀቱ ካላገናኘው ሦስት እንደሆነ ይቀራል።

ለትራፊኩ ይህን ሁሉ አላልኩትም። ያልኩት የኋላ መብራቱንና የድንጋዮቹን ነገር ቃሌ ውስጥ እንዲያስገባልኝ ነው። ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ።

«መብራቱን አልሠራ ሲል በዓይንሽ አይተሻል?»

«አላየሁም። ረዳቱ ነው የነገረኝ።»

«እንግዲያ የረዳቱ ቃል ነው፣ ያንቺ አይደለም።» አሰበና ጨመረ። «ድንጋዮቹንስ?»

«አይቻለሁ። ቅርንጫፉንም።»

ጻፈልኝ። እያነበበ አስፈረመኝ። ጋሼ በዚህ መሀል ከሁለት የመንደሩ ልጆች ጋር ሆነው የተደረደሩትን ድንጋዮች አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ገደሉ ዳር ይወረውራሉ፤ መኪናው ተጎትቶ ከሄደ በኋላ ድንጋዩ ስለሚረሳ፣ ማታ ደግሞ ሌላ ጉም ስለሚወርድ። ትራፊኩ ከእኔ ቀና ብሎ ሲያያቸው ጮኸ፣ «አባት! አባት! እሱን ገና አልለካሁትም!»

ጋሼ የያዙትን ድንጋይ ወደነበረበት መለሱ። ከዚያ ሜትሩ እስኪደርስ ድረስ አጠገቡ ቆመው ጠበቁ።